የቀጠሮ ምሳ

«ስፒሉን ሳትውጪው ከአፍሽ አውጪው» አለ አባቷ ከታች ሆኖ፤ «ለዚህ ቤት አንድ በሽተኛ ይበቃዋል።»

አለቃ ወንበር ላይ ቆማ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ አዲሱን መሸፈኛ በወፉ የሽቦ ጎጆ ላይ እያስተካከለች ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የሰፋችው መሸፈኛ ነው። ዳር ዳሩ ተዘምዝሟል፣ ገበር አለው፣ ከፊት በኩል እንደ መጋረጃ ይከፈታል። እናቷ እንኳ ስፌቱን በጥፍሯ ፈትጋ ካየች በኋላ «ለደንበኛ ብሰጠው አላፍርበትም» ብላለች። እንዲህ ያለ ቃል ከእናቷ አፍ በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው።

በዚህ ቤት ችግር ሁሉ የሚፈታው በመርፌ ነው። አባት ጨርቅ ቆራጭ፣ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። ብርድ ሲመጣ ይሰፋል፣ ፀሐይ ሲበዛ ይሰፋል፣ እንግዳ መጥቶ ትራስ ሲጎድል ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ስለዚህ ወፉ፣ ቀጠሮ፣ ወደ አዲሱ ቤት ከመጡ ጀምሮ በወጉ አልበላም ሲል፣ አልናገርም ሲል፣ የደረቱን ላባ በገዛ መንቁሩ እየነጨ ወለሉ ላይ ሲጥል፣ ሦስቱም መጀመሪያ ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ መሸፈኛው አርጅቷል፣ አዲስ ይሰፋለት።

ቀጠሮ በቀቀን ነው። አለቃ ገና ስትድህ አንዲት ደንበኛ «ለሁለት ሳምንት ያዙልኝ» ብላ ትታው ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ወፉም ሱቁ ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሎ ኖረ። ደንበኛ በሩን ገፍቶ ሲገባ፣ ገና ሰላም ሳይል፣ ከላይ በእናቷ ድምፅ «ነገ ይደርሳል! ነገ ይደርሳል!» ይልበታል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ግማሾቹ እየሳቁ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፈጽሞ ሳይስቁ።

«በሉ፣ ልለቀው ነው» አለች አለቃ ስፒሎቹን ሰብስባ።

መሸፈኛው ወረደ። ጨርቁ እናቷ ከአንድ ትልቅ ቀሚስ ተርፏት ያስቀመጠችው ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ትልልቅ ወርቃማ ክቦች ታትመውበታል፣ በየክቡ መሃል ጥቁር ነጥብ አለ።

ወዲያው ከውስጥ አለቃ ሰምታው የማታውቀው ጩኸት ተነሣ። ክንፍ ከሽቦ ጋር ተላተመ፣ የውሃው ዕቃ ተገለበጠ፣ ወፉ ከመቆሚያው ወደቀ።

አባቷ መሸፈኛውን በአንድ እጁ ገፎ ወደ መስኮቱ አዞረና አተኩሮ አየው። ክቦቹ ከጨርቁ ላይ ሆነው ሦስቱንም አፈጠጡባቸው።

«ይኼ እኮ ዓይን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጨርቁ ሙሉ ዓይን ነው። እኔንም እያፈጠጠብኝ ነው!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጨርቁን የሰጠኋት እኔ» አለች እናቷ፤ ሳቋን ግን መያዝ አቃታት። አለቃም ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ። ቀጠሮ ጎጆው ጥግ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የእህል ዕቃውም ከትናንቱ ብዙም አልጎደለም።

አለቃ የሚያቅተኝ ነገር አለ ብላ የምታስብ ልጅ አይደለችም። ይኼ ቅጽል ስም የወጣላት በስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ሱቁ በደንበኛ ሲጨናነቅ ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «ተሰለፉ! የሚጋፋ ሰው አላስተናግድም!» አለች፤ ሰዎቹም ተሰለፉ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የትምህርት ቤት ስም ጠሪ ብቻ ነው።

ወደዚህ ቤት እንዲዛወሩ ከሁሉ በላይ የወተወተችውም እሷ ናት። አሮጌው ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኝታ ነበር። የምትተኛው በክር ጥቅልሎች መሃል ነው፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ላይ፣ የአባቷ መቀስ በደብተሯ ሥር እያለፈ። አሁን ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የራሷ ክፍል አላት፤ ክፍሉ በር አለው፣ በሩም ቁልፍ አለው። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ የአዲሱ ሶፋ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሣም። ሱቁም አድጎ በዋናው መንገድ ላይ ወዳለ የመስታወት ሕንፃ ገብቷል።

ለቀጠሮ ደግሞ የቤቱን ምርጥ ቦታ ነው የሰጡት፤ ሳሎኑን፣ ያውም ከትልቁ መስኮት አጠገብ። ታዲያ ምን ጎደለው? እሷ እንዲህ ደስ ብሏት እሱ ማዘኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አናደዳት።

«ናፍቆት ነው» አለች እናቷ። «ቤቱ ናፍቆታል።»

«ለናፍቆትማ መላ አይጠፋም» አለች አለቃ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ አዲሱ ሱቅ ሄዳ ድምፆቹን አንድ በአንድ በስልክ ቀዳች። የስፌት መኪናውን ጉርምርምታ፣ መቀሱ ወፍራም ጨርቅ ላይ ሲሄድ፣ ካውያው እንፋሎት ሲለቅ፣ አባቷ ሲያፏጭ። ቤት ገብታ ስልኩን ከጎጆው ሥር አስቀመጠችና ከፈተችው። ቀጠሮ አንገቱን ብድግ አደረገ። ላባው ተነፋ። ከወዲያ ወዲህ እየተንጠላጠለ «ነገ ይደርሳል!» አለ፤ ከመጡ ጀምሮ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። አለቃ በደስታ ዘለለች።

ወፉ ግን ቁልቁል ተመለከተ። ወደ በሩም ተመለከተ። መንቁሩን በሽቦው መሃል አሾልኮ ከሥሩ ጠረጴዛውን፣ ጨርቁን፣ ሰዉን ፈለገ። ባዶ ወለልና አንድ ስልክ ብቻ አየ። ድምፁ ሲያልቅ ወደ ጥጉ ተመልሶ ጀርባውን ሰጣት። ያን ቀን የረገፈው ላባ ከሌላው ቀን በዛ። አለቃ ስልኩን ዳግመኛ አልከፈተችም፤ ያሾፈችበት ያህል ተሰማት።

ረቡዕ እሷና አባቷ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ሐኪሟ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ነች። ቀጠሮን በፎጣ ጠቅልላ ዓይኑን፣ አፉን፣ ክንፉን አየች።

«በሽታ የለበትም» አለች። «ግን ነይ፣ ደረቱን ንኪው።»

አለቃ ነካችው። በላባው ሥር አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። እጇን ቶሎ መለሰች።

«በፊት በደንብ ይበላ ነበር?»

«ዕቃው ሁልጊዜ ባዶ ነበር፣ ዶክተር» አለ አባቷ።

«መቼ መቼ ነበር የሚበላው? ጠዋት ነው? ከሰዓት ነው?»

አባትና ልጅ ተያዩ። ይህን ሁሉ ዓመት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ የኖረ ወፍ መቼ እንደሚበላ ከሁለቱ የሚያውቅ አልነበረም። እህል ይጨመራል፣ እህል ያልቃል፤ በቃ። አለቃ በዓለም ላይ እንደ «አላውቅም» የምትጠላው ቃል የለም፤ የግዷን አለችው።

«እንግዲያው አጣሩ» አለች ሐኪሟ። ፎጣውን ፈትታ ወፉን ወደ ጎጆው መለሰችው። «እስከ ሰኞ ድረስ በራሱ መብላት ካልጀመረ በጣም ይደክማል። ያን ጊዜ ሌላ መፍትሔ ነው የሚያስፈልገው።»

ሌላው መፍትሔ ምን እንደሆነ እናቷ ማታ ነገረቻት። ከደንበኞቿ አንዷ ወፍ የምታረባ ሴት ነች፤ ግቢዋ ውስጥ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ቤት ሠርታላቸዋለች። ቀጠሮንም ደስ ብሏት ትቀበለዋለች።

«ሰኞ ጠዋት እወስደዋለሁ» አለች እናቷ። «እዚህ ሲሞት ቁጭ ብሎ ከማየት ይሻላል፣ የኔ ልጅ።»

«አይሞትም። ሰኞም የትም አይሄድም።»

«አለቃ…»

«እማዬ፣ እስከ ሰኞ ተይልኝ። እስከ ሰኞ ብቻ።»

እናቷ ትንፋሿን ለቀቀችና ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው።

ዓርብ ዕለት የስፖርት መምህሩ የመረብ ኳስ ቡድኑን ቋሚ ተሰላፊዎች ጠራ። ኳስ አመቻቺዋ አለቃ ሆነች። በቀድሞው ትምህርት ቤቷ ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጨዋታውን የተማረችው ከሱቁ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ነው። ኳሱን ለግድግዳው ትሰጠዋለች፣ ግድግዳው ይመልስላታል፣ ምስጋና የለ፣ ጭብጨባ የለ። እዚህ ግን አንቴና አለች። አንቴና የክፍሏ ልጅ ናት፣ ቁመቷ መምህሩን ያስንቃል፣ አለቃ አዲስ በገባችበት ቀን ማንም ሳይጠይቃት ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ የተቀመጠችውም እሷ ናት። አለቃ ኳሱን ከመረቡ በላይ ትሰቅልላታለች፣ አንቴና ከሰማይ ታወርደዋለች። ሁለቱ ሜዳ ሲገቡ መንገደኛ ሳይቀር አጥሩ ጋ ቆሞ ያያቸዋል።

«ውድድሩ አንድ ወር ነው የቀረው» አለ መምህሩ። «ከትምህርት በኋላ ሜዳው የሌሎች ነው። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ እንለማመዳለን። የቀረ፣ ቀረ። ማስጠንቀቂያ ምናምን የለም።»

አንቴና የአለቃን ትከሻ ይዛ ነቀነቀችው። «ሰማሽ አይደል? ቋሚ! ገና ሳትለምጂ ቋሚ! አንቺ ልጅ ምን ዓይነት ጉድ ነሽ?»

አለቃ ያን ቀን እግሯ መሬት ሳይነካ ቤት ደረሰች። ይህ ሰፈር የእሷ እንደሆነ እርግጠኛ የሆነችው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ረፋዱን ከአንቴና ጋር ሲለማመዱ ቆዩና ቀትር ላይ ረሃብ ሊጥላት ደርሶ ቤት ገባች። እናትና አባቷ ሱቅ ናቸው። በላብ ልብስ ሶፋው ላይ መቀመጥ በእናቷ ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። እዚህ ቤት ከመጡ ጀምሮ ምግቧን የምትበላው ክፍሏ ውስጥ ነበር፤ በሯን ዘግታ፣ ሳህኗን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ዛሬ እዚያ ድረስ የሚያደርስ ትዕግሥት አልነበራትም። ወለሉ ላይ፣ ከጎጆው ሥር ዘፍ አለችና ዳቦዋንና የተቀቀለ እንቁላሏን ጭኗ ላይ ዘርግታ መብላት ጀመረች። ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረም። እናቷ ብታያት «ማን ነው የሚያባርርሽ?» ትላት ነበር።

ከላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች።

እንቅስቃሴዋ እንዳያስደነግጠው ፈርታ ቀና አላለችም። እንደገና «ቀጭ» አለ። የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ከላይ ወርዶ ዳቦዋ ላይ ዐረፈ።

ቀጠሮ እየበላ ነበር።

ቅርፊቱን በጣቷ አንሥታ ስታየው አሮጌው ሱቅ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን አባቷ የመቁረጫውን ጠረጴዛ በክንዱ ጠርጎ ጋዜጣ ያነጥፍበታል። እናቷ ድስቱን ታመጣለች። ልብሱን የሚጠብቅ ደንበኛ ካለ እሱም በግድ ወንበር ይሰጠዋል። ልክ መብላት ሲጀምሩ ከላይ ቅርፊት ይዘንብባቸዋል፤ እናቷም «ኧረ ይኼ ወፍ ምግባችን ላይ አራገፈብን!» እያለች ሳህኑን በእጇ ትከልላለች። በየቀኑ፣ ለዓመታት። ወፉ መቼ እንደሚበላ ለሐኪሟ መመለስ ያቃታቸው ሰዎች መልሱን ከየሳህናቸው ውስጥ ሲለቅሙ ነው የኖሩት።

«አንተ ሰው ካልበላ አትበላም!» አለችው አለቃ ጮክ ብላ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ ኩርፊያህ ይኼ ነው?»

ሐኪሟ በሰጠቻቸው ስልክ ወዲያው ደወለች።

«ጎበዝ!» አለቻት ሐኪሟ። «በቀቀን እንዲህ ነው። በተፈጥሮው የሚበላው መንጋው ሲበላ ነው። ብቻውን አንገቱን ደፍቶ መብላት ያስፈራዋል፣ በማያውቀው ቤት ደግሞ ይብስበታል። መንጋው እናንተ ናችሁ።»

«እና በቀን ስንት ጊዜ አብረነው እንብላ?»

«ቢያንስ ጠዋትና ቀትር። ማታማ ሲጨልም ይተኛል። ሥጋ እስኪያወጣ፣ ቤቱንም ቤቴ እስኪል ድረስ።»

«እስከ መቼ ይሆን፣ ዶክተር?»

«አልዋሽሽም፤ እሱን አላውቅም። ወር ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

እሑድ ጠዋት አለቃ ቤተሰቡን ሳሎኑ ወለል ላይ አስቀመጠች። አባቷ እግሩን ማጠፍ አቅቶት እየተነጫነጨ፣ እናቷ ትሪውን ይዛ የሶፋውን ላስቲክ እየሸሸች፣ ተሰብስበው ቁርስ በሉ። ቀጠሮ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወደ ዕቃው ወረደና የሱፍ ፍሬ በእግሩ አነሣ።

«ሐኪሟ መንጋ አለችን?» አለ አባቷ በሹክሹክታ። «ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ተብዬ አላውቅም።»

«ዝም ብለህ ብላ፣ አባዬ።»

እናቷ የፈሰሰ ነገር የምትጠርግ መስላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። «እኔ ደግሞ ጨርቅ እሰፋለታለሁ!» አለች። «ሲርበው ልብስ!»

ሳቁ አለቀና ከባዱ ነገር መጣ።

«ጠዋቱ ይሁን፣ ቀደም ብለን እንነሣለን» አለች እናቷ። «ቀትር ላይስ ምን ይሁን? የቢሮ ሠራተኛው ልብስ ሊለካ የሚመጣው በምሳ ሰዓቱ ነው። እኔና አባትሽ እኮ አሁን ምሳ የምንበላው ቆመን፣ ያውም ተራ በተራ ነው።»

«ሱቅ ብንወስደውስ?» አለ አባቷ።

«የሕንፃው ሰዎች እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው ብለው በሩ ላይ ለጥፈዋል፣ አላነበብክም?» እናቷ ወደ አለቃ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወፍ አርቢዋ ሴትዮ ግቢ ውስጥ እኮ መንጋ አለው፣ የኔ ልጅ። ቀኑን ሙሉ የሚበላ መንጋ።»

ይህ ቃል አለቃን ነካት፤ ምክንያቱም እውነት ነበረው። ጎጆውን ቀና ብላ አየችው። እዚያ ያሉት ወፎች ቀጠሮን አያውቁትም፣ እሱም አያውቃቸውም። ይኼን ቤት ገና መልመድ ሲጀምር፣ ገና አንገቱን ደፍቶ መብላት ሲጀምር፣ ሌላ ጥግ ላይ ሄዶ ከአንድ ብሎ ይጀምራል። በዚያ አጥንቱ በወጣ ደረት ሁለተኛ ጊዜ የሚችለው አልመሰላትም።

መልሱን ከትናንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፣ የምሳ ዕረፍቱም ሄዶ፣ በልቶ ለመመለስ ይበቃል። እስካሁን ዝም ያለችው መልሱ ጠፍቷት ሳይሆን መልሱን ስላልወደደችው ነው።

«ምሳ ሰዓት እኔ እመጣለሁ» አለች።

አባቷ ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ መብላቱን አቆመ። «ኳስሽስ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ማንም አላዘዘሽም እኮ፣ አለቃ።»

«እኔን ማን ያዝዘኛል?» አለች። አባቷ ፈገግ አለ፤ እሷም ፈገግ አለች። ውስጧ ግን ማልቀስ አምሮት ነበር።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ሜዳው ዳር መረቡን ሲያጠብቅ አገኘችው። በመንገድ ላይ ስትመጣ «እናቴ አሟታል» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ይቀላል፣ ማንም አይስቅበትም፣ ቦታዋንም ምናልባት ያቆይላት ይሆናል። አፏን ስትከፍት ግን ደህና የሆነች እናቷን ማሳመም አልፈለገችም።

«ቲቸር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ልምምድ መምጣት አልችልም።»

«ለምን?»

«ወፋችን ብቻውን ምሳ አይበላም።»

አጠገባቸው ኳስ የሚነፉ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። መምህሩ ገመዱን ለቀቀና ትኩር ብሎ አያት። «እያሾፍሽ ነው?»

«አይደለም። አዲስ ቤት ገብተን አልለምድ ብሎ ሊሞት ነበር። አሁን አብረነው ስንበላ መብላት ጀምሯል። ቤተሰቦቼ ሥራ ላይ ናቸው፣ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ በሌላው ቀን ለብቻዬ ከግድግዳ ጋር እሠራለሁ። ቋሚ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ይህን ሁሉ ያለችው ሳትንተባተብ ነው። መምህሩ ፊሽካውን በጣቱ ላይ አሽከረከረ።

«ተቀያሪ ትሆኛለሽ እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «ለዚህ ውድድር ጭራሽ ላትገቢም ትችያለሽ። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል።»

አንቴና ከኋላዋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ክፍል ሲሄዱ በረጃጅም እግሮቿ ቀድማት ዞረችና መንገዱን ዘጋችባት።

«በናትሽ! ለወፍ?»

«ለወፍ።»

«ፍሬንድ፣ ወፍ እኮ ነው! እኔስ? ለእኔ ኳሱን ማን ነው የሚሰቅልልኝ?»

«ያቺ ልጅ አለች አይደል፣ ተቀያሪዋ። ጎበዝ ናት።»

«እሷ እኮ ኳስ ስትሰጥ ድንጋይ የምትወረውር ነው የምትመስለው!»

«አስተምሪያታ።»

«አላስተምርም!» አለች አንቴና። ጠዋቱን ሙሉ አላናገረቻትም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልተለየችውን ወንበር አንሥታ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ሄደች። አለቃ ባዶውን ቦታ ላለማየት ሰሌዳው ላይ አፈጠጠች። ትክክል መሆኗን ታውቃለች፤ ያም ሆኖ ከልቧ አመማት።

የምሳው ደወል ተደወለ። የቡድኑ ልጆች ወደ ሜዳው ሮጡ፣ አለቃ ደግሞ ወደ በሩ። ሁለቱን መንገድ ተሻገረች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለችው፣ ከጠዋት የተረፈውን ሩዝ አሞቀች። ክፍሏን አልፋ ሳህኑን ይዛ ሳሎን ገባችና ከጎጆው ሥር ተቀመጠች።

«ና እንግዲህ፣ ጌታው» አለችው። «ሰዓት የለኝም።»

ቀጠሮ ላባውን አራገፈ። አንድ እግሩን ቀደም፣ ሌላውን ተከተል እያደረገ ወረደና ከዕቃው ውስጥ አንድ ፍሬ መረጠ። በሉ። ትናንት ከነበረው ይልቅ ዓይኑ ጠርቷል፣ ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት።

በተከፈተው መስኮት የመምህሩ ፊሽካ ገባ። ከዚያ የኳሱ ድምፅ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ የልጆች ጩኸት። ኳሱ መረብ ላይ መቅረቱን ከጩኸቱ ዐወቀች፤ ዝቅ ብሎ ነው የተሰጠው፣ ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ አንቴና ታገኘው ነበር። ጣቶቿ ሳታዝዛቸው ኳስ እንደሚቀበሉ ሁሉ ተዘረጉ። ማንኪያዋ ሳህኑ ላይ ወደቀ። አሁን ብትሮጥ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ትደርስባቸዋለች።

ከላይ ድምፁ ጠፋ። ቀና ስትል ቀጠሮ መብላቱን ትቶ፣ ያልተፈለፈለውን ፍሬ በእግሩ እንደያዘ፣ በአንድ ዓይኑ ያያታል። እሷ ስታዳምጥ እሱም ያዳምጣል፤ ምን መጣብን የሚል ይመስላል።

ሜዳው ላይ ፊሽካው እንደገና ተነፋ። አለቃ መስኮቱን አልዘጋችውም። ማንኪያዋን አነሣች፣ ቀዝቀዝ ያለውን ሩዝ ሞልታ ጎረሰችና፣ እንዲያያት ፊቷን ወደ እሱ ቀና አድርጋ፣ ቀስ ብላ ታኝክ ጀመር።